በተጨናነቀ የአገር ውስጥ በረራ ተርሚናል ሳይደናገሩ ማለፍ፦ ከትኬት እስከ ሻንጣ መረከቢያ

በረራ የሚያመልጣቸው ሁሉ ኤርፖርት ዘግይተው የደረሱ አይደሉም። በጊዜ ደርሰው፣ ተርሚናሉ ውስጥ ተቀምጠው እያሉ አውሮፕላኑ ጥሏቸው የሚሄድ ብዙ ናቸው። ስህተቱ የሚጀምረው ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት እንደ ቀጠሮ ሰዓት ከመያዝ ነው። ያ ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ነገሮች ይዘጋሉ፤ መጀመሪያ የሻንጣ መቀበያው፣ ቀጥሎ የጌቱ (ወደ አውሮፕላኑ የሚወጡበት መግቢያ) በር። በሁለቱ መካከል ደግሞ ርዝመቱን ማንም አስቀድሞ የማይነግርዎ የፍተሻ ሰልፍ አለ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለት መዝጊያዎች ለመቅደም ነው። ቅደም ተከተሉን አይቀያይሩ።

## ደረጃ 1፦ ትኬቱን በዋዜማው ያንብቡ

ሰዓቱን ይቀይሩ። ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ አማርኛ ሰዓት ሲቀይሩ፦

- ከ07:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ይቀንሱ። 14:10 ማለት ከቀኑ 8፡10 ነው።
- ከ19:00 እስከ 23:59 ላለው 18 ይቀንሱ። 20:45 ማለት ከምሽቱ 2፡45 ነው።
- ከ00:00 እስከ 06:59 ላለው 6 ይጨምሩ። 05:30 ማለት ከሌሊቱ 11፡30 ነው።

ስልክዎ የሚያሳየው ሰዓት እንደ ትኬቱ ከሆነ ማንቂያውን ሲሞሉ ምንም አይቀይሩ፤ ትኬቱ ላይ ባለው አቆጣጠር ያስገቡት። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ሲቀላቅል ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ በረራ። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:20» ካለ በረራው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡20 ነው። ስለዚህ ኤርፖርት መገኘት ያለብዎ ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል፤ ለዚህ ደግሞ ካውንተሩ ላይ የሚያዝንለት የለም።

ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ለአገር ውስጥ በረራ የሻንጣ መቀበያው እንደ አየር መንገዱ ከመነሻው 30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ጌቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ። የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር ከትኬቱ ወይም ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ ይውሰዱና ወረቀት ላይ ያስፍሩት። የ14:10 በረራ እንበል፦

- ጌቱ ይዘጋል፦ 13:55 (7፡55)
- መሳፈር ይጀመራል፦ 13:30 (7፡30)
- የሻንጣ መቀበያው ይዘጋል፦ 13:25 (7፡25)
- ተርሚናሉ በር ላይ ይድረሱ፦ 12:10 (6፡10)

መሳፈሩና የሻንጣው መዝጊያ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይመልከቱ። ሻንጣውን በመጨረሻዋ ደቂቃ ያስረከበ ሰው ፍተሻ ሳይደርስ መሳፈር ተጀምሯል። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዙና ቼክ ኢን (ለበረራው መመዝገብ) በኢንተርኔት ከጨረሱ 90 ደቂቃ ይበቃል። በበዓል ዋዜማ፣ በሳምንት መጨረሻና በማለዳው የበረራ ግፊያ ግን ከሁለት ሰዓት አያሳንሱ።

ስምዎን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከሚያሳዩት መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። በስልክ ስም እየነገሩ ትኬት ማስቆረጥ ስህተትን መጋበዝ ነው። የመታወቂያዎን ፎቶ ይላኩ። የአባት ስም በአያት ቦታ ገብቶ ወይም አንድ ፊደል ጎድሎ ካገኙት በዋዜማው ይደውሉ። በዋዜማው ጥቂት ደቂቃ የሚወስደው እርማት በበረራው ቀን ካውንተር ላይ ሰልፍ፣ ክፍያና ጭንቀት ያመጣል። ሌላ ሰው በስሙ ይጓዝ ዘንድ ስም መቀየር ግን እርማት አይደለም፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች አይፈቅዱም።

የትኛው ተርሚናል? «የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ ከአገር ውስጥ ተርሚናል ነው» ብለው አይደምድሙ። አንዳንዱ የአገር ውስጥ ጉዞ የዓለም አቀፍ በረራ አንዱ ክፍል ስለሆነ ከዓለም አቀፉ ተርሚናል ይነሳል። ትኬቱ ላይ የተርሚናል ቁጥር ከሌለ ይደውሉ። ሹፌሩ «አውቀዋለሁ» ቢልዎትም ቁጥሩን እርስዎ ይንገሩት።

ቼክ ኢን ያድርጉ። በኢንተርኔት ቼክ ኢን አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ጋ ከዚያም ይቀድማል። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን የቦታ ማስያዣ ኮድና ስምዎን ያስገቡ። የመሳፈሪያ ካርዱ ሲመጣልዎ ስክሪንሾት ያንሱት፤ ኤርፖርት ውስጥ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት የአየር መንገዱን አፕሊኬሽን ለመክፈት ከመታገል ያድናል። የስልክዎ መስታወት ባርኮዱ ከሚወጣበት ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ማንበቢያው እምቢ ሊል ይችላልና ካርዱን በወረቀት ያሳትሙ።

የደርሶ መልስ ትኬት ካለዎት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መሄጃውን በመኪና ሄደው መመለሻውን ብቻ ለመጠቀም ካሰቡ አስቀድመው አየር መንገዱን ያስፈቅዱ። ሳይናገሩ መሄጃው ላይ ከቀሩ ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ መመለሻውንም ይሰርዘዋል።

## ደረጃ 2፦ ሻንጣውን ፍተሻውን አስበው ያደራጁ

ክብደቱን ቤት ይመዝኑ። ለካቢን ሻንጣ (ይዘውት ወደ መንገደኛው ክፍል ለሚገቡት) ብዙ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት 7 ኪሎ አካባቢ ነው። ለሚጫነው ሻንጣ ፈቃዱ ከትኬት ትኬት ስለሚለያይ የራስዎን ያንብቡ፤ ርካሹ ትኬት ምንም ሻንጣ ላይጨምር ይችላል። አንድ ነጠላ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ ግን ክፍያ ቢከፍሉም ብዙ ቦታ አይቀበሉትም፤ የሚያነሳው ሰው ወገብ ነው ምክንያቱ። ለሁለት ይክፈሉት።

ካቢን ውስጥ ብቻ የሚገባ

- ፓወር ባንክና መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ባትሪው ቢቀጣጠል ካቢን ውስጥ ሰው አይቶ ያጠፋዋል፤ ከታች ዕቃ ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል?
- ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ።
- መድኃኒት፣ መነጽር፣ ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ ሰነድ፣ ላፕቶፕ። ኢንሱሊን በምንም መልኩ ከታች አይጫን፤ ከቀዘቀዘ ይበላሻል።

የፓወር ባንኩን አቅም ይቁጠሩ። መለኪያው ዋት ሰዓት ነው፤ እስከ 100 ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከ160 በላይ አይገባም። ላዩ ላይ የተጻፈው ሚሊአምፒር ብቻ ከሆነ በ3.7 አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። 20,000 ሚሊአምፒር 74 ዋት ሰዓት ነው፣ ያልፋል። 30,000 ግን 111 ይመጣል፣ ካላስፈቀዱ ይወሰድብዎታል። ጽሑፉ የተፋቀ ባትሪም ያው ነው፤ ፈታሹ ማንበብ ያልቻለውን አያሳልፍም። ቻይና ውስጥ ከሰኔ 2025 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ የደህንነት ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ተከልክሏል። እንዲህ ያለ ደንብ ከአገር አገር ይለያያልና ወደማያውቁት አገር ሄደው የአገር ውስጥ በረራ ሲሳፈሩ ይጠይቁ።

ፈሳሽ። የታወቀው ልክ እያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊሊትር ሳይበልጥ፣ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ የሚለው ነው። የሚቆጠረው የዕቃው መጠን ነው፤ 200 ሚሊሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቢቀርም ጠርሙሱ አያልፍም። ክሬም፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጄልና ማር ፈሳሽ ናቸው። ለአገር ውስጥ በረራ ይህ ደንብ ሁሉ ቦታ አንድ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ይሠራል፣ አውስትራሊያ ውስጥ ለአገር ውስጥ በረራ የመጠን ገደብ የለም። ካላወቁ እንደሚሠራ ቆጥረው ያዘጋጁ። የውሃ መያዣዎን ባዶውን ይውሰዱ፤ ከፍተሻ በኋላ ይሞሉታል።

አደራደር። ላፕቶፑንና የፈሳሽ ላስቲኩን ከላይ ያድርጉ። ቻርጀርና ገመዶችን ጠቅልለው በአንድ ከረጢት ይክተቱ። መጻሕፍትን አንዱን ባንዱ ላይ ቆልለው ፓወር ባንክ ከሥራቸው አይቅበሩ፤ ኤክስሬዩ ላይ አንድ ጥቁር ጡብ ሆኖ ይታያል፣ ሻንጣዎም ወደ ጎን ይወጣል። መቀስ፣ ምላጭ፣ ቢላዋና የእጅ መሣሪያ ከእጅ ሻንጣ ወጥተው ወደሚጫነው ይግቡ። የእጅ ሻንጣዎን ከዚህ በፊት ለሌላ ሥራ ተጠቅመውበት ከሆነ የጎን ኪሶቹን ሁሉ ይዳስሱ። ብዙ ሰው የሚያዘው ራሱ በረሳው ነገር ነው።

በመጨረሻም የሚጫነውን ሻንጣ ፎቶ ያንሱ፤ ከውጭም፣ ከፍተውም። ስምና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከውጭ ያንጠልጥሉ፣ ሌላ ደግሞ ከውስጥ ያስቀምጡ። የድሮ ጉዞ ታጎችን (ሻንጣው ላይ የሚታሰሩትን ባርኮድ ያለባቸው ወረቀቶች) ሁሉ ቀድደው ይጣሉ። የቆየ ባርኮድ ያልተነሳለት ሻንጣ ማንበቢያ ማሽኑን ያሳስታል፤ ሻንጣዎም ወዳልሄዱበት ከተማ ሊሄድ ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ከመግቢያው በር እስከ ካውንተር

1. ከመኪና ሳይወርዱ መታወቂያና የመሳፈሪያ ካርድ በእጅ ይሁን። በብዙ ተርሚናሎች በር ላይ ይጠየቃሉ፤ ሰልፉን የሚያቆመው በሩ ላይ ሻንጣ ከፍቶ የሚፈልግ ሰው ነው።
2. ስልክዎን ቢያንስ ግማሽ ቻርጅ አድርገው ይግቡ። የመሳፈሪያ ካርዱ ስልክዎ ላይ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ካርዱም አብሮ ይጠፋል።
3. እንደገቡ የበረራ ሰሌዳውን ፈልገው ይቁሙ። የሚፈልጉት ከተማውን ሳይሆን የበረራ ቁጥሩን ነው። ወደ አንድ ከተማ በተቀራረበ ሰዓት ሁለት አውሮፕላን ሊነሳ ይችላል። አንድ አውሮፕላን ደግሞ በሁለት አየር መንገዶች ስም ሁለት ቁጥር ሊኖረው፣ ቁጥሮቹም ሰሌዳው ላይ ሊፈራረቁ ይችላሉና ቁጥርዎን ካጡት ጥቂት ሰኮንዶች ቆመው ይጠብቁ።
4. ሰሌዳው ላይ የካውንተሩን ቁጥር ያንብቡ። የሚጫን ሻንጣ ከሌለዎትና ካርዱ በእጅዎ ከሆነ ካውንተሩን ይለፉት፤ ቀጥታ ወደ ፍተሻ። ሰልፍ ስላዩ ብቻ አይሰለፉ።
5. ሰልፍ ከመያዝዎ በፊት የሰልፉን ስም ያንብቡ። ቼክ ኢን ለጨረሱና ሻንጣ ብቻ ለሚያስረክቡ የተለየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ሰልፍ አለ። ከሌላ አየር መንገድ ሰልፍ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቆም ያጋጥማል።

ካውንተሩ ላይ። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩን አብረው ያንብቡ። ክብደቱ ካለፈ ሁለት ምርጫ አለዎት፤ መክፈል ወይም ማቃለል። ከሁለት ኪሎ ያልበለጠ ትርፍ ከሆነ ወደ ጎን ወጥተው ከባዱን ልብስ ይልበሱ፣ ጫማ ይቀይሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከሰልፉ መጨረሻ እንዳይመለሱ አስተናጋጇን «አቃልዬ እዚሁ ልመለስ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

ታጉ ሲታሰር ዓይንዎን አይንቀሉ። ታጉ ላይ በትልቁ የሚታየው ሦስት የላቲን ፊደል የመድረሻው ኤርፖርት ኮድ ነው፤ ትኬትዎ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ። ከባርኮዱ ጋር ያለው 10 አሃዝ የሻንጣዎ መለያ ነው። ተቀድዶ የሚሰጥዎ ቁራጭ ላይ ያው ቁጥር አለ። ያንን ቁራጭ ወዲያው ፎቶ ያንሱና ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት። ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል፤ ሻንጣው የጠፋ ዕለት ግን በመጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው። ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ወይም ኮዱ ካልገጠመ ሻንጣው በተንቀሳቃሹ የዕቃ ቀበቶ ሳይሄድ ይናገሩ።

ካውንተሩ ከተዘጋብዎ አይከራከሩ፣ ጊዜ ይበላል። ሻንጣውን ለካቢን ማሳነስ ከተቻለ ይጠይቁና ቀጥታ ወደ ፍተሻ ይሂዱ። ካልተቻለ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ወደ ትኬት ቢሮው ሄደው ወደ ቀጣዩ በረራ እንዲያዛውሩዎት ይጠይቁ። ሳይነሳ የተነገረና ከተነሳ በኋላ የተነገረ ቅጣቱ ለየቅል ነው።

የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ የሚፈልግ ካለ 48 ሰዓት አስቀድሞ ማስመዝገብ የተለመደ ነው፤ ካውንተሩ ላይ ሲደርሱ እንደገና ያስታውሱ። የሕፃን ጋሪ ብዙ ጊዜ እስከ ጌቱ ድረስ ይሄዳል፣ ግን ታግ ካውንተሩ ላይ ይታሰርለት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ብዙ አየር መንገዶች የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

## ደረጃ 4፦ ፍተሻ

እዚህ ጋ ጊዜ የሚበላው ማሽኑ ሳይሆን ያልተዘጋጀ ሰው ነው። ተራዎ ሳይደርስ፣ ሰልፉ ላይ እያሉ ይዘጋጁ።

1. ኪስዎን ባዶ ያድርጉ። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሶፍትም ቢሆን። ከስልኩ በቀር ሁሉንም በእጅ ሻንጣው ኪስ ወይም በጃኬትዎ ዚፕ ባለው ኪስ ውስጥ ያስገቡ። ሳንቲምና ቀለበት ትሪ ላይ በትነው አይላኩ።
2. ቀበቶ፣ ሰዓትና ጃኬት ያውልቁ። ጫማ ሲባሉ ብቻ፤ ሆኖም ብረት ያለው ወፍራም ቦት ካደረጉ ሳይባሉ ማውለቁ ይሻላል።
3. ላፕቶፑን ለብቻው ትሪ ላይ ያድርጉ። አዳዲሶቹ ማሽኖች ከሻንጣ ሳይወጣ ያዩታል፤ እንደዚያ ከሆነ ፈታሹ «አታውጡ» ይልዎታል። ሳይባሉ አይገምቱ።
4. በዚህ ተራ ይላኩ፦ መጀመሪያ ጃኬትና ጫማ፣ ቀጥሎ ሻንጣ፣ መጨረሻ ላይ ስልክና ላፕቶፕ ያለበት ትሪ። ውድ ዕቃዎ ከእርስዎ ቀድሞ ወዲያ ማዶ ወጥቶ ብቻውን አይቀመጥ።
5. የመጨረሻው ትሪ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ በዓይንዎ ካዩ በኋላ ወደ መፈተሻ በሩ ይሂዱ። ከፊትዎ ያለው ሰው ተመልሶ እየተፈተሸ ከሆነ እሱ እስኪያልፍ ትሪውን ይያዙት።
6. በሩ ከጮኸ በራስዎ ወደ ኋላ አይመለሱ። ቆመው ይጠብቁ፤ የሚያዝዎ ሰው አለ።
7. ማዶ ሲደርሱ ትሪዎቹን ይዘው ወደ ጎን ካለ ወንበር ይሂዱና እዚያ ይልበሱ። ከመነሳትዎ በፊት ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ፦ መታወቂያ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ። ግራጫ ላፕቶፕ በግራጫ ትሪ ውስጥ ተረስቶ የሚቀረው በየቀኑ ነው።

ሻንጣዎ ወደ ጎን ከወጣ። እጅዎን ወደ ሻንጣው አይስደዱ። ፈታሹ «የእርስዎ ነው?» ሲል ብቻ ይመልሱ፣ ምን እንዳለበትና የት እንዳለ ይንገሩ፣ እሱ ይክፈተው። ብዙውን ጊዜ የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ወይም የተጠላለፈ ገመድ ነው። በዚህ ሰዓት ስለ ቦምብ ወይም ስለ መሣሪያ መቀለድ ከበረራው ያስቀራል፤ ለፖሊስም ያሰጣል።

ዕቃ ካልፈቀዱልዎ። ሰዓትዎን ይመልከቱ። የሻንጣ መቀበያው ካልተዘጋ ተመልሰው ሊያስጭኑት ይችላሉ፤ ሸኚ ውጭ ካለ ሊያስረክቡት ይችላሉ። ጌቱ ሊዘጋ 40 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከቀረው ግን ጥለውት ይሂዱ። ሽቶ ለማትረፍ ብሎ በረራ ማጣት አያዋጣም።

ሰልፉ አልንቀሳቀስ ካለ። ሰዉን እየገፉ አይለፉ። የሰልፉ መግቢያ ላይ ወዳለው ሠራተኛ ሄደው የመሳፈሪያ ካርዱን እያሳዩ በአጭሩ ይናገሩ፦ «የ14:10 በረራ ነኝ፤ ጌቱ 13:55 ይዘጋል፤ የቀረኝ 25 ደቂቃ ነው።» «ቸኩያለሁ» ብቻ ያለን ማንም አይሰማውም፤ ሁሉም ቸኩሏልና። ቁጥሩን የሰማ ግን ወደ ፊት ያወጣዎታል ወይም ለጌቱ ይደውላል።

## ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ጌቱን ይዩ

ከፍተሻ እንደወጡ መጸዳጃ፣ ሱቅና ቻርጀር ይቆዩልዎ። ጌትዎን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይመለሳሉ። ርቀቱን ያላወቀ ሰው ጊዜ አለኝ ሲል ይሳሳታል፤ ትልልቅ ተርሚናሎች ውስጥ ሩቁ ጌት የ15 ደቂቃ መንገድ ሊሆን ይችላል።

- የጌት ቁጥር ከሰሌዳው ይውሰዱ እንጂ ጠዋት ከታተመው ካርድ አይውሰዱ። ካርዱ፣ አፕሊኬሽኑና ሰሌዳው ከተለያዩ ሰሌዳውን ይመኑ፤ ከጌቱ ሠራተኛም ያረጋግጡ።
- ቁጥሩ ፊደል ካለው ፊደሉ ክንፉን ነው የሚያሳየው። በብዙ ተርሚናሎች ጎዶሎ ቁጥር በአንድ ጎን፣ ሙሉ ቁጥር በሌላው ጎን ነው።
- ምድር ቤት ያለ ጌት አብዛኛውን ጊዜ የአውቶቡስ ጌት ነው። አውቶቡሱ አውሮፕላኑ ድረስ የሚሄድበት ጊዜ ስለሚታሰብ መሳፈሩ ቀደም ይላል። እዚህ «ሰልፉ ይቅለል» ብሎ መቀመጥ አደጋ አለው።
- የድምፅ ማስታወቂያ አይጠብቁ። ብዙ ኤርፖርቶች የመሳፈሪያ ጥሪ በድምጽ ማጉያ ማሰማት ትተዋል፤ የሚያሰሙትም ቢሆን በጫጫታው ውስጥ ስምዎ አይለይም። የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ጀርባዎን ለሰሌዳው ሰጥተው አይቀመጡ።
- በየ10 ደቂቃው ሰሌዳውን ይመልከቱ። ከጌትዎ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ በዙሪያዎ ያሉት ሰዎች በድንገት ተነስተው ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ጌቱ ተቀይሯል።

ጌቱ ላይ የሌላ ከተማ ስም ካዩ አይደንግጡ። ከእርስዎ በፊት ያለው በረራ ገና አልወጣ ይሆናል። የበረራ ቁጥርዎን ሰሌዳው ላይ አመሳክረው ይጠብቁ።

## ደረጃ 6፦ መሳፈር

መሳፈር በቡድን ወይም በመቀመጫ ረድፍ ይጠራል። ተራዎ ሳይደርስ ሰልፉ ፊት መቆም ማንንም አያስቀድምም፤ ሆኖም ጌቱን ከዓይንዎ አያርቁ። መታወቂያውንና ካርዱን አንድ ላይ ይያዙ፣ የስልኩን ብርሃን ከፍ ያድርጉ። በአንድ ስልክ የቤተሰቡን ሁሉ ካርድ ከያዙ ሰዎቹን በካርዶቹ ተራ ያሰልፏቸው፤ ካልሆነ ማሽኑ የልጁን ካርድ ሲያነብ አባትየው ቀድሞ ይገባና ቆጠራው ይዛባል።

በአገር ውስጥ መስመር ትናንሽ የፕሮፔለር አውሮፕላኖች ይበዛሉ። የራስጌ መደርደሪያቸው ጠባብ ስለሆነ የካቢን ሻንጣዎን ጌቱ ላይ ወይም አውሮፕላኑ ሥር ይቀበሉዎታል። ይህ ሲሆን ፓወር ባንኩን፣ መድኃኒቱን፣ ላፕቶፑንና ገንዘቡን ከማስረከብዎ በፊት ያውጡ። ለዚህ ነው እነዚህን ነገሮች ከመጀመሪያው በአንዲት ትንሽ ከረጢት ሰብስቦ መያዝ የሚያስፈልገው። ሻንጣውን ሲወርዱ ከአውሮፕላኑ ሥር ይረከቡ እንደሆነ ወይስ ከቀበቶው እንደሚወጣ ይጠይቁ።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤቲአር 72 ከሆነ መንገደኛ የሚገባው ከኋላ በኩል ነው፤ መቀመጫዎ 2ኛ ረድፍ ከሆነ አውሮፕላኑን አቋርጠው ወደ ፊት ይሄዳሉ። አስፋልቱ ላይ በእግር ሲሄዱ ከተሰመረው መስመር አይውጡ፣ ወደ ፕሮፔለሩ አይጠጉ፣ ልጅ በእጅ ይያዝ። ኮፍያና ወረቀት ነፋስ ከወሰደብዎ ተከትለው አይሩጡ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ ሹፌሩን ወይም አስተናጋጁን የከተማውን ስም ጠይቀው ያረጋግጡ። ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ከቆመ ስህተት ሩቅ አይደለም።

## ደረጃ 7፦ በረራው ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ

ሲዘገይ ከጌቱ አይራቁ። «ሁለት ሰዓት ዘግይቷል» የተባለ በረራ ሌላ አውሮፕላን ተገኝቶለት በአንድ ሰዓት ሊነሳ ይችላል። ሰሌዳው ላይ ያለው አዲስ ሰዓት ግምት ነው። ከፍተሻው መስመር ወደ ውጭ አይውጡ፤ ሲመለሱ እንደገና ይሰለፋሉ።

ሲሰረዝ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ያድርጉ፦ ሰልፍ ይያዙ፣ ሰልፉ ላይ ሆነው ለጥሪ ማዕከሉ ይደውሉ፣ በአፕሊኬሽኑ ደግሞ ቀጣይ በረራዎችን ይዩ። ቀድሞ የከፈተልዎን ይጠቀሙ። ካውንተሩ ላይ ሲደርሱ «ምን ላድርግ?» አይበሉ። የሚፈልጉትን የበረራ ቁጥርና ሰዓት ራስዎ ይናገሩ፤ የሞላ ከሆነ በተጠባባቂ ዝርዝር እንዲያስገቡዎ ይጠይቁ። የስረዛውን ምክንያት የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀበሉ፣ ያወጡትን ወጪ ደረሰኝ ያስቀምጡ፣ የተጫነው ሻንጣዎም ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ከካውንተሩ አይነሱ። ብዙ ጊዜ ወደ መረከቢያው ይመለሳል፤ አውጥተው እንደገና ማስመዘን አለብዎ።

## ደረጃ 8፦ ሻንጣ መረከብ

የቀበቶውን ቁጥር ከበረራ ቁጥርዎ ጋር ሰሌዳው ላይ ያመሳክሩ። ሻንጣ ሲያነሱ ቀለሙን አይመኑ፤ ታጉ ላይ ያለውን 10 አሃዝ ቢያንስ የመጨረሻ አራቱን ከቁራጭዎ ጋር ያነጻጽሩ። ረጅም፣ ከባድ ወይም ቅርጹ ያልተለመደ ዕቃ በቀበቶው ላይመጣ ይችላልና የተለየውን በር ይጠይቁ።

ቀበቶው ቆሞ ሻንጣዎ ካልመጣ፦

1. ከአዳራሹ አይውጡ። አንዴ ከወጡ መመለስ ከባድ ነው፤ «ሻንጣዬ አልመጣም» የሚለውም ቃል ይደክማል።
2. ቀበቶው ላይ ብቻውን የቀረ የእርስዎን የሚመስል ሻንጣ ካለ ለሠራተኛው ያሳዩ። ባለቤቱ የእርስዎን ይዞ ሄዶ ሊሆን ይችላል።
3. ወደ ሻንጣ አገልግሎት ዴስኩ ሄደው የጉድለት ሪፖርት ያስሞሉ። የታጉን ቁራጭ፣ የሻንጣውን ፎቶና ቀጣይ ሁለት ቀን የሚያድሩበትን አድራሻ ይስጡ።
4. የመከታተያ ቁጥሩን ይቀበሉ። አብዛኛውን ጊዜ 10 ምልክት ነው፤ አምስት ፊደልና አምስት አሃዝ። ያለ ቁጥር «እንደውልልዎታለን» የተባለ ሻንጣ እንዳልተመዘገበ ይቁጠሩት።
5. ሻንጣው የተሰበረ ወይም የተከፈተ ከሆነም እዚያው ያስመዝግቡ፤ የጉዳት አቤቱታ የጊዜ ገደብ አለው፣ ገደቡም በአየር መንገዱ ውል ላይ ተጽፏል። ዚፑን፣ መንኮራኩሩንና ታጉን በአንድ ፎቶ ውስጥ እንዲታዩ አድርገው ያንሱ፤ ታጉን ቤት ከገቡ በኋላም ጉዳዩ እስኪዘጋ አይቁረጡት።